በወላጆች ክፍል የተባለ ነገር

ሄቲ ሼፊልድ መሄድ እንደማትፈልግ የነገረችን አርብ እራት ላይ፣ ዓሳውን ከወረቀቱ ገና እየፈታን ሳለ ነው። ከሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ መልስ ካገኘች ጀምሮ እኔ በዓሳ ፋብሪካው የማሸጊያ መስመር ላይ ላለ ሰው ሁሉ አውርቼ ጨርሼ ነበር። ማቀዝቀዣዎቹን ሊያይ አልፎ አልፎ ብቅ የሚለው ሰውዬ እንኳን ያውቃል።

«አልሄድም አላልኩም» አለች ሄቲ፣ ኮምጣጤውን ዓሳዋ ላይ እያርከፈከፈች። «የበለጠ የምፈልገው ነገር አለ ነው ያልኩት።»

«ምንድነው እሱ?»

«ወደቡ ላይ ያለው የንፋስ ተርባይን ኩባንያ። ይቀጥሩሻል፣ ደሞዝ ይከፍሉሻል፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ሊንከን ከተማ ልከው ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩሻል። በአምስት ዓመት ዲግሪሽን ይዘሽ ኢንጂነር ሆነሽ ትወጫለሽ። ብድር የለ፣ ምን የለ። የዲግሪ አፕረንቲስ ይሉታል።»

አባቴ አፕረንቲስ ነበር። በልጅነቱ ጀልባ መጠገኛ ገብቶ ወለል ጠረገ፣ ለአለቆቹ ሻይ አፈላ፣ ከዚያ መጠገኛው ተዘጋና ወለል መጥረግ የሚችል ሰው ሆኖ ወጣ። ቃሉን ስሰማ የሚታየኝ መጥረጊያ ነው።

«ዲግሪ ከነደሞዙ ዝም ብሎ የሚሰጥ የለም» አልኳት። «አንድ ነገር ይኖረዋል።»

«ምን ይኖረዋል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ግን ይኖረዋል።»

«እማ፣ ድረ ገጻቸው ላይ ሁሉም ተጽፏል እኮ።»

«ጥሩ ጥሩው ነዋ የሚጻፈው።»

ባሌ ግሌን ወደቡ ላይ ፎርክሊፍት፣ ዕቃ ማንሻ መኪና፣ ይነዳል። የተርባይኖቹን ክንፎች መርከብ ላይ ሲጭኗቸው በየቀኑ ያያል። «ሰዎቹ ደህና ናቸው» አለ አፉን ሞልቶ። «ካንቲናቸውም ጥሩ ነው።»

«በካንቲና ነው ልጄን የምሰጣቸው?»

«ያየሁትን ነው የነገርኩሽ፣ ዶና።»

ዩኒቨርሲቲ አይዘጋም፤ ኩባንያ ይዘጋል። እኔ ትምህርት ቤት ጨርሼ የሠራሁባቸው ፋብሪካዎች አንዱ ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ነው፣ አንዱ ምንጣፍ መሸጫ ሆኗል፣ አንዱ ደግሞ ጣሪያው ወድቆ እርግብ ይኖርበታል። ይኼኛው በሁለተኛ ዓመቷ ቢዘጋ ልጄ ግማሽ ዲግሪ ይዛ ምን ልትሆን ነው? ደግሞ ጀልባው አለ። ተርባይኖቹ የቆሙት ባሕር መሃል ነው። በክረምት፣ ማዕበል ጀልባውን እያነሳ እየጣለው፣ ከጀልባው ዘለው ነው መሰላሉን የሚይዙት። በኔ ሐሳብ ውስጥ ሌሎቹ ልጆች ሁሉ መሰላሉን ይይዙታል። የምትስተው የኔዋ ናት።

አንድ ያጽናናኝ ነገር ቢኖር ሁለቱን ባንድ ላይ መያዝ መቻሉ ነው። የኩባንያው ማመልከቻ ከዩኒቨርሲቲው ምርጫ ጋር አይገናኝም።

«እንግዲያው ሼፊልድን እንዳትለቂ» አልኳት። «አስፈርመው እስኪቀጥሩሽ ድረስ አትለቂም።»

«እሺ።»

«ማዪልኝ።»

«እማ፣ ዓሳሽ ቀዘቀዘ። ብዪ።»

ቀጥሎ ትምህርት ቤት ጠየቅን። እዚያ የመጨረሻዎቹን ሁለት ክፍሎች የሚመራው ሚስተር ፔምበርተን ነው፤ በጣም ጨዋ፣ በጣም ሥራ የሚበዛበት ሰው። ከቢሮው ውጭ ያለው ኮሪደር ግድግዳው በልጆች ፎቶ ተሞልቷል፤ ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር የሚገባበት ዩኒቨርሲቲ ስም በትልቁ ተጽፏል። የሄቲም አለ። ሼፊልድ ይላል። ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

«ሚስስ ሆልት፣ እርግጥ ነው በጣም ጥሩ ዕድል ነው» አለ። «ለአንዳንድ ልጆች።»

«ለየትኞቹ?» አለች ሄቲ።

«እንግዲህ... በእጃቸው መሥራት ለሚወዱ።»

«እጅ የሌለው ኢንጂነር አይተው ያውቃሉ?»

በክርኔ ነካኋት። እሱ ፈገግ አለና እንደሷ ያለ የሒሳብ ጭንቅላት ያላት ልጅ በሯን ሁሉ ክፍት ማድረግ እንዳለባት ነገረን። ማመልከቻውን ማን ይረዳታል ብዬ ስጠይቅ እነሱ የሚረዱት ለዩኒቨርሲቲ በሚያመለክቱት መሆኑን፣ ለሌላው ግን «በኢንተርኔት ላይ ብዙ መረጃ እንዳለ» ነገረኝ።

«አፕረንቲስ ብትገባ ፎቶዋ ላይ ምን ትጽፋላችሁ?» አልኩት፤ እሱ ነበር ያሳሰበኝ።

«‹ሌላ› የሚል ሰሌዳ አለን» አለ። «ከደረጃው ሥር።»

የገረመኝ፣ ሰውዬው የሚያወራው እኔ የማስበውን ነገር ነበር። ቃል በቃል። ግን እሱ ሲለው ደሜ ፈላ። መኪና ውስጥ ገብተን በሩን ዘግቼ «ሌላ ይበለን» አልኩ። ሄቲ ሳቀች፤ ሐሳቤን የቀየርኩ መስሏት ነው። አልቀየርኩም።

ማመልከቻው ራሱ ሰው የሚያሳብድ ነገር ነው። ለሼፊልድ አንድ ገጽ ጽፋ ተቀበሏት። ለእነዚህ ግን መጀመሪያ ቅርጽ የማዛመድ ፈተና፣ ከዚያ «አለቃህ ቢቆጣህ ምን ታደርጋለህ» የሚል ፈተና፣ ከዚያ የቪዲዮ ቃለ መጠይቅ። ሰው የለም በዚያ ቃለ መጠይቅ። ጥያቄው ስክሪን ላይ ይመጣል፣ ሰዓቱ ወደ ታች ይቆጥራል፣ ልጅቷ ለኮምፒውተሩ ብቻዋን ታወራለች። ሄቲ መኝታ ቤቷ ገብታ፣ ከላይ ሸሚዝ ከሥር ፒጃማ ለብሳ፣ ማንም ድምፅ እንዳያሰማ አስጠነቀቀች። የቫኪዩም መጥረጊያውን ነቅዬ ሳሎን ቁጭ አልኩ። ውሻውን አፉን ይዤ ቁጭ አልኩ። ታዲያ ግሌን ከሥራ ገብቶ ከደረጃው ሥር ቆሞ «ሰማያዊውን ቆሻሻ መጣያ ማነው ያላወጣው?» ብሎ ጮኸ።

ሄቲ ስትወርድ ፊቷ ቀልቶ ነበር። «‹በቡድን ውስጥ ስለተፈጠረ ችግር ንገሪን› የሚለው ላይ ነው የገባኸው» አለችው።

«ታዲያ ጥሩ ምሳሌ ሰጠሁሽ» አላት።

አለፈች። እኔ ትወድቃለች ብዬ ነበር፤ ስታልፍ ደግሞ ይበልጥ ፈራሁ። በሚያዝያ ለአንድ ሙሉ ቀን ፈተና ወደ ኩባንያው ጠሯት። ለስድስት ቦታ ሃያ ልጆች ተጠርተዋል። ወላጆችም መምጣት ይችላሉ፣ ለወላጆች ክፍል ተዘጋጅቷል ይላል ኢሜይሉ። ግሌን ሥራ ነበረበት፤ እኔ ፈረቃዬን ተለዋውጬ ወሰድኳት።

ስለዚያ ክፍል በደንብ መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚያ ነው።

ልጆቹን ወደ ውስጥ ወሰዷቸው። እኛ ደርዘን የምንሆን ወላጆች ወደቡ በሚታይበት ክፍል ውስጥ ብስኩትና ሻይ ይዘን ቀረን። መጀመሪያ ስለ መኪና ማቆሚያው አወራን።  ከዚያ አንድ ግዙፍ ሰውዬ፣ የዌስሊ አባት ነኝ ያለ፣ «የኔን ልጅ ከቀጠሩት ጠዋት ጠዋት የእሳት አደጋ መኪና ይላኩለት። በሌላ ነገር አይነቃም» አለ። ሁሉም ሳቀ። ሁላችንም ተነፈስን።

እንግዲህ በእኛ ዘንድ የራስን ልጅ ሰው ፊት ማሞገስ ነውር ነው። «ልጄ ጎበዝ ናት» ብትይ ሰዉ ኩባያውን አስቀምጦ ነው የሚያይሽ። ጨዋ ሰው ልጁን ያጣጥላል፣ ሌላው ደግሞ «የኔማ ይብሳል» ይላል፤ እንደዚያ ነው የምንቀራረበው። አንዷ ሴትዮ የእሷ ልጅ እንቁላል ሲቀቅል ድስት ማቃጠሉን ነገረችን። ሌላዋ የእሷዋ አውቶቡስ ተሳፍራ በተቃራኒው አቅጣጫ ሁለት ጊዜ መሄዷን። ወፍራም ሹራብ የለበሰች፣ ፀጉሯን በላስቲክ ያሰረች ሴት ባዶ ኩባያዎቹን በትሪ እየሰበሰበች አብራን ትስቃለች። የካንቲናዋ ሴት ናት ብዬ ነው ያሰብኩት። ሌላ ማን ልበላት? ትሪ ይዛለች።

«ያንቺዋስ?» አለኝ የዌስሊ አባት።

«የኔዋ?» አልኩ። «የኔዋ ገንዳ ውስጥ ስትታጠብ እንኳን ባሕር ላይ እንዳለ ሰው የሚያዞራት ናት።» ሳቁ። ሲስቁልኝ ደስ አለኝ። «ደግሞ መጨረሻ ላይ ሼፊልድ ነው የምትገባው። ዩኒቨርሲቲው ተቀብሏታል። ይኼ እንዳይቆጫት አይታው እንድትመለስ ነው እንጂ።»

ሴትዮዋ ኩባያዬን አነሳች። «ስኳር ልጨምርልዎት?» አለችኝ።

«ሁለት» አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሲመለሱ ያቺው ሴት ትሪዋን አስቀምጣ ከፊት ቆመች። «ፊሊፓ እባላለሁ» አለች። «ፕሮግራሙን የምመራው እኔ ነኝ። ዛሬ ሁላችሁንም በማየቴ ደስ ብሎኛል፤ ወላጆቻችሁንም።»

 እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይኼ ነው። አለቃ ከሆንሽ እንደ አለቃ ልበሺ። ባጅ አድርጊ። ሰው የሚያወራበት ክፍል ውስጥ ትሪ ይዘሽ አትዙሪ።

ስንመለስ ሄቲ አፏ አልከደን አለ። በደረቅ ፓስታና ማርሽማሎ በሚባለው ለስላሳ ከረሜላ ማማ እንዲሠሩ አድርገዋቸዋል።

«ፓስታ?» አልኩ። «ለፓስታ ነው ፈረቃ የተለዋወጥኩት?»

«አብረን እንዴት እንደምንሠራ ሊያዩ ነው፣ እማ። ከዚያ እውነተኛ የማርሽ ሳጥን ፈትተው አሳዩን። ውስጡን ብታዪው። ቃለ መጠይቁ ላይ ‹ሼፊልድም ተቀብሎኛል፣ ግን እናንተ ከወሰዳችሁኝ እተወዋለሁ› አልኳቸው። ደበቅሽ እንዳይሉኝ በግልጽ ነገርኳቸው። ጥሩ አይደል?»

«ጥሩ ነው» አልኩና መስኮት መጥረጊያውን አበራሁ። ዝናብ አልነበረም።

ስልኩ የተደወለው በግንቦት ነው። ሄቲ ኩሽና ቆማ ሰማች፣ «ገባኝ» አለች፣ «አመሰግናለሁ» አለች፣ ስልኩን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ተጠባባቂ ነኝ» አለች። «ሰባተኛ። አንድ ሰው ከተወ ይደውሉልኛል።»

«አይዞሽ። ሼፊልድ አለሽ።»

«ፊሊፓ ራሷ ናት የደወለችው። ‹ልብሽ ሼፊልድ ላይ እንደሆነ ከቤተሰብሽ ተረድተናል› አለችኝ።» ዞራ አየችኝ። «አባዬ ያን ቀን ሥራ ነበር።»

 ነገርኳት። ሁሉም እንደዚያ እያወራ እንደነበር፣ የዌስሊ አባት ስለ እሳት አደጋ መኪናው፣ ስለ እንቁላሉ ድስት።

«ዌስሊ ገብቷል» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ግሩፕ አለን። የእሳት አደጋ መኪና የሚያስፈልገው ልጅ ገብቷል። ምክንያቱም አባቱ ‹አይነቃም› አለ እንጂ ‹አይመጣም› አላለም።»

«ሴትዮዋ ካንቲና የምትሠራ መስላኝ ነው፣ ሄቲ።»

«ለካንቲና ሠራተኛስ ለምን ትነግሪያታለሽ? እኔ እኮ ሼፊልድን እተዋለሁ ብዬ ተናግሬ ነበር። በራሴ አፍ። አንቺ ብስኩት እየበላሽ ውሸታም አደረግሽኝ።»

በሩን ጓ አድርጋ አልዘጋችውም። ብታደርገው ይሻል ነበር። ቀስ ብላ ዘግታው ወጣች።

ግሌን ሲገባ ነገርኩት። ኮቱን ሳያወልቅ ሰማኝና «እና አንቺ የፈለግሽው ሆነ» አለ።

«እንደዚህ እንዲሆን አልፈለግኩም።»

«እንዴት እንዲሆን ነው የፈለግሽው?»

«እነሱ እምቢ እንዲሏት። በራሳቸው ምክንያት።»

«ዶና፣ ዶና» አለ ግሌንና ጫማውን ሊያወልቅ ሄደ።

ፈተናዋን ተፈተነች። አላናገረችኝም አልልም፤ «ጨው አቀብዪኝ» ትለኛለች፣ «ፎጣዬ የት አለ» ትለኛለች። ስለ ሼፊልድ ሳወራ ግን የሚታዘንልኝ ሰው እንደሆንኩ አድርጋ ታየኛለች። ያጣችውን ነገር ለእኔ አላወራችም፣ እኔም የፈራሁትን ለእሷ አላወራሁም፤ ወራቱን ሁሉ ቤታችን ውስጥ አንድ ሰው የታመመ ይመስል ድምፃችንን ቀንሰን ኖርን። የማሸጊያ መስመሩ ላይ ከጎኔ የምትቆመው ሞይራ በየቀኑ «እና ሼፊልድ መቼ ነው?» ትለኛለች፤ ዓሳው ውስጥ ልከታት ደረስኩ።

በነሐሴ ውጤት ወጣ። ሄቲ ሼፊልድ የጠየቀውን አገኘች፤ ከዚያም በላይ። ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ልጆቹ ሲተቃቀፉ፣ ሚስተር ፔምበርተን እጄን ጨብጦ «አየሽ» የሚል ፊት ሲያሳየኝ፣ እኔ ልጄን ነበር የማየው። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችው፤ የአውቶቡስ ትኬት ነው የሚመስለው። የምጠብቀው ክፉ ነገር ሁሉ ቀርቶ ደህናው ነገር መጥቶ ነበር፣ እሷ ግን ለሼፊልድ የሚሆን ብርድ ልብስ ከመደብር ገዝታ ስትመለስ ከረጢቱን ሳትፈታው ጥግ ላይ አቆመችው።

ኩባንያው የደወለው በማግስቱ ነው። ቁርስ ላይ ነበርን። ሄቲ ስሙን ስክሪኑ ላይ ስታይ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ሄቲ፣ አንድ ቦታ ተከፍቷል» አለች ፊሊፓ። ድምፅዋ ከቀፎው ወጥቶ ለእኔም ይሰማል። «ከፈለግሽው ያንቺ ነው። ግን አንድ ነገር በግልጽ መጠየቅ አለብኝ። ሼፊልድ ተቀብሎሻል አይደል?»

«ተቀብሎኛል።»

«ዓምና ሁለት ልጆች ሥራ ሊጀምሩ ሲሉ ጥለውን ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ዘንድሮ ደግሞ ትናንት አንዱ ማንችስተር ገባሁ አለኝ። የሚሄዱት ውጤታቸው ሲያምር ነው። ቦታው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ይቀራል።»

ዌስሊ ነው። ሄቲ በከንፈሯ «ዌስሊ» አለችኝ። ከግንቦት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር አካፈለችኝ።

«እኔ ጥዬ አልሄድም» አለች።

«አምንሻለሁ ማለት እፈልጋለሁ። ግን የተነገረኝ ሌላ ነበር።»

ሄቲ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ድምፁን ከፍ አደረገች፣ በአንድ ጣቷ ወደ እኔ ገፋችው። 

«ዶና ነኝ» አልኩ። «እናቷ።»

«አስታውስዎታለሁ።»

«ያን ቀን የነገርኩዎት የኔን ፍላጎት ነው። የእሷን አይደለም።»

«አሁንስ ፍላጎትዎ ምንድነው?»

እዚህ ላይ መዋሸት ነበረብኝ። ሄቲም እንድዋሽ ነበር የምታየኝ። «አሁንም ሼፊልድ ነው» አልኩ። ሄቲ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ጀልባው ያስፈራኛል። ኩባንያችሁ ቢዘጋስ ብዬ እፈራለሁ። ቢዘጋ ምን ትሆናለች?»

 «ቢዘጋ እስከዚያ የተማረችው ይቆጠርላታል፣ ሌላ ቀጣሪ እንዲረከባት እንሞክራለን። እንደምናገኝ ግን ቃል አልገባም። አይዘጋም ብዬም ቃል አልገባልዎትም» አለች ፊሊፓ።

«እሱን ድረ ገጻችሁ ላይ አላየሁትም።»

«አልተጻፈም» አለች።

«ያስቀራት እኔ ያልኩት ነው?»

«በቡድን ሥራው ላይ ትንሽ ዝምተኛ ነበረች፤ እሱም አለ። ግን አዎ። ከሌላው ጋር ተመዝኗል።»

ብትዋሸኝ ይሻለኝ ነበር። ሰው ስልክ ላይ እንዴት እንደዚህ ደረቅ ይሆናል ብዬ ተናደድኩ፤ ደግሞ ያቺ ደረቅ አነጋገሯ፣ ከሚስተር ፔምበርተን ፈገግታ ሁሉ ይልቅ የምትታመን ሴት አስመሰለቻት። ይኼም አናደደኝ።

«እንግዲያው ይኼንንም ይመዝኑት» አልኩ። ጆሮዬ ሲግል ይሰማኛል፤ በቤታችን እንደዚህ አይወራም። «ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምራ ጠዋት ጠዋት ከትምህርት በፊት ዋና ትሄድ ነበር። አንድ ቀን አሸንፋ አታውቅም። አንድ ቀን። አሠልጣኟ ራሱ ጠርቶኝ ሌላ ነገር ብትሞክር ይሻላል ብሎኛል። እሱ ለቆ ሄደ፣ እሷ አልለቀቀችም። ውሃ ውስጥ የምታደርገውን አውቃለሁ፤ የሚያስፈራኝ ባሕሩ እንጂ እሷ አይደለችም። የያዘችውን የምትጥል ልጅ ብትሆን ኖሮ ይኼንን የእናንተን ነገር እኔ ገና በየካቲት ባስጣልኳት ነበር። ያላልኳት ነገር የለም።»

ሄቲ እጇን ከፊቷ አንስታ ነበር። አላየኋትም፤ ወተቱን ነበር የማየው።

«እሺ» አለች ፊሊፓ። «ሄቲ፣ ሼፊልድን ዛሬ ልቀቂ። ሲለቁሽ ንገሪኝና የሥራ ውሉን እልክልሻለሁ።»

«መጀመሪያ ውሉን ይላኩላት» አልኩ። «ከዚያ ትለቃለች።»

«ሚስስ ሆልት፣ ሦስት ጊዜ ተቃጥያለሁ። መጀመሪያ ትልቀቅ።»

«እና ለቅቃ ውሉን ባይልኩላትስ? አንድ ሰው ዛሬ ሐሳቡን ቢቀይርስ? እርስዎ ታመው ቢቀሩስ? ልጄን ሁለቱም በር ተዘግቶባት መንገድ ላይ—»

«እማ» አለች ሄቲ።

«ማለሽልኛል። ሳያስፈርሙሽ አትለቂም ብለሽ—»

«እሺ አልኩሽ እንጂ አልማልኩም። ዓሳሽን ብዪ ነው ያልኩሽ።» ስልኩን ወደ ራሷ ሳበችው። «አሁን እደውልላቸዋለሁ፣ ፊሊፓ።»

ለሼፊልድ ስትደውል መስመሩ ተይዟል። ያ ሰሞን አገር ምድሩ ነው ለዩኒቨርሲቲ የሚደውለው። ሙዚቃ ተጫወተ፣ ተቋረጠ፣ እንደገና ተጫወተ። ትዕግሥትዎን እናመሰግናለን አለ። እኔ ሳህን አጠብኩ፣ ያጠብኩትን እንደገና አጠብኩ። እስኪያነሱ ድረስ ጊዜ አለ፣ ሙዚቃው ቢረዝም ትደክማለች፣ ነገ እደውላለሁ ትላለች፣ ነገ ውሉ ቀድሞ ይመጣል እያልኩ። በመጨረሻ አንድ ትሑት ወጣት አነሳና ቦታውን ከለቀቀች ሊመልስላት እንደማይችል ሁለት ጊዜ ነገራት።

«ገብቶኛል» አለች። «ልቀቁኝ።»

ያንን ቃል እንዴት እንደጠላሁት።

ግሌን ከሰዓት ሲገባ አንደኛችን ሶፋው ላይ፣ አንደኛችን መስኮቱ ጋ ነበርን። «ምን ሆናችኋል?» አለ።

«ለቀቀች» አልኩት። «ምንም የላትም። በዚህ ሰዓት ይቺ ልጅ ምንም የላትም።»

«ውሉ ይመጣል፣ አባ» አለች ሄቲ፣ ስልኳን እያየች።

«አዎ ይመጣል» አለ።

«በምን አወቅህ?» አልኩት። «ደግሞ ካንቲናቸው ጥሩ ነው እንዳትለኝ።»

ሊል የነበረውን ዋጠው።

ያን ቀን አልመጣም። ሄቲ ፊሊፓ ጋ ደወለች፣ ስብሰባ ላይ ናት አሏት። እኔ «አላልኩሽም?» አላልኳትም። ለእግዜር ስል አልተናገርኩም፤ ከመንከሴ ብዛት ግን ጥርሴ ታመመኝ። የመጣው በማግስቱ፣ ከፈረቃዬ ስመለስ ነው፤ ሄቲ በር ላይ ቆማ ስልኳን ፊቴ ደቀነችው። ስሟ አለ። ሥራ የምትጀምርበት ቀን አለ። ከሥር እስከ ላይ አነበብኩት፣ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ አንድ ነገር ይኖረዋል ብዬ የጠረጠርኩት ነገር እዚያ ውስጥ አልነበረም፤ ወይም እኔ አላገኘሁትም።

«እና?» አለች።

«ጥሩ ነው» አልኩ። ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። ውስጤ ያለው ንዴት የት እንደሚሄድ አያውቅም ነበር፤ የሚናደዱበት ሰው ሁሉ የሚገባውን ሠርቶ ጨርሷል። «ጫማ ያስፈልግሻል። ጫፉ ብረት ያለው።»

«እነሱ ይሰጣሉ።»

«ቁጥርሽን ጠይቀውሻል?»

«ይጠይቁኛል፣ እማ።»

«ሰፊ ከሰጡሽ እንዳትቀበዪ። መሰላል ላይ ሰፊ ጫማ...»

«ጠባብ ከሰጡኝስ?»

«ጠባብም አትቀበዪ» አልኳት።